«ሳበው» የሚለው ቃል

የበደለኝ የክፍል ኃላፊዬ ነው። ጊዜው ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሲቀረኝ፣ በግንቦት፣ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። አሥራ አንድ ሰው በተቀመጠበት ስብሰባ ላይ እንዲህ አለ፦ «ይህን ቃል ያስገባችው እሷ ናት፤ አደጋውን አይቼ ያስወጣሁት እኔ ነኝ።» ጸሐፊዋም እንዳለ በቃለ ጉባኤው አሰፈረችው።

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ግማሽ ነው።

እዚህ ላይ «እሳቸው» አልለውም። ሥራ ላይ ሳለሁ ሰባት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ብዬዋለሁ። በዘጠኝ ዓመት የምበልጠው እሱ ግን ከመጣበት ቀን ጀምሮ «አንቺ» ይለኝ ነበር። ሰው ትንሽ ነገር ይለዋል። እኔ ትንሽ አልለውም።

መሥሪያ ቤታችን ሰበታ ነበር። ያረጁ ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች ይመጡልናል፤ መካኒኮቹ ሞተሩን ያድሳሉ፣ የእኛ ክፍል ሰዎቹ የሚቀመጡበትን ያድሳል። ወንበሩ ምን ያህል ከፍ ይበል፣ ስክሪኑ የት ይሰቀል፣ የትኛው ቁልፍ በየትኛው እጅ ይነካ፣ ስክሪኑ ላይ ምን ተብሎ ይጻፍ፤ ይህ የእኔ ሥራ ነበር። ወታደራዊ ነገር ስለሆነ ሰው ሲሰማ የተለየ ምስጢር ይመስለዋል። የማይነገረውን አልናገርም፤ ለዚህ ታሪክም አያስፈልግም። አብዛኛው ሥራ «ጉልበቱ የት ይገጫል?» የሚል ጥያቄ ነው። መኪናው ውስጥ ሦስት ሰው ይገባል፤ አዛዡ፣ ሾፌሩና ተኳሹ። ሦስቱም እርስ በርስ አይተያዩም። የሚገናኙት በስክሪናቸውና ጆሯቸው ላይ ባለው ማዳመጫ ብቻ ነው።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት ከክር ፋብሪካ ነው። እዚያ የማሽኖቹን መቆጣጠሪያ ቦርድ እጠግን ነበር። አንድ ነገር ተምሬ ወጣሁ፦ ቦርዱን የሠራው ሰው ቦርዱ ፊት ስምንት ሰዓት ቆሞ አያውቅም። ስለዚህ አዲሱ ሥራ ላይ ምንም ነገር በወረቀት ብቻ አላጸድቅም ነበር። መጀመሪያ ከኮምፔርሳቶ አሠራዋለሁ፣ ቀጥሎ ሰው አስቀምጥበታለሁ፣ ከዚያ ዝም ብዬ አያለሁ።

የመጀመሪያውን ሞዴል የሠራልኝ ቡራዩ፣ ከቤቴ ጀርባ ያለ አናጢ ነው። ልኩን ስሰጠው ወረቀቱን አገላበጠና፣

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? የዶሮ ቤት ነው?» አለኝ።

«የሦስት ሰው ቤት ነው።»

«ለዶሮ እንኳ ጠበበ» አለ። ቢሆንም አሳምሮ ሠራው። በመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ ሰበታ አደረስነውና ከአዳራሹ ጥግ አቆምነው፤ ስክሪንና ማዳመጫም አስገባንበት። የተኳሹ ቃታ ባለበት ቦታ የብስክሌት ፍሬን መያዣ አስገጠምሁ። ሲሳብ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያለች ትንሽ ቀይ አምፑል ትበራለች።

አሁን ወደ ቃሉ።

የስክሪኑን ጽሑፍ መጀመሪያ ወደ አማርኛ የመለሰው ኃላፊዬ ነበር። መዝገበ ቃላት ይዞ አንድ ወር ተቀመጠበት። አዛዡ ሾፌሩን «ሂድ» ለማለት የሚነካው ቁልፍ ላይ «ጉዞ ማስጀመሪያ» ብሎ ጻፈ። ሰዎቹን ሞዴሉ ውስጥ ሳስቀምጣቸው ቁልፉን ያያሉ እንጂ አይነኩትም። አንዱ ሾፌር፣ የሰበታ ሰው ነው፣ ከውስጥ አንገቱን አውጥቶ፣

«ማዘር፣ ጉዞ ማስጀመሪያ ሲል ሪቫን የሚቆረጥ መስሎኝ ባለሥልጣን እየጠበቅኩ ነው» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ አልሳቀም።

ቃሉን እንድቀይር ያዘዘኝ በማግስቱ ነው፤ «አንቺ ካወቅሽ አምጪ» ብሎ። እኔም ለማምጣት ሩቅ አልሄድሁም። በየቀኑ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ እስከሚቆምበት ድረስ በሚኒባስ ነው የምሄደው። ወያላው በሩን መታ ያደርግና «ሳበው!» ይላል፤ ሾፌሩ ወዲያው ይነዳል። ማንም ሾፌር «ሳበው» ሲባል አያስብም፤ እግሩ ያውቀዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሾፌሮችን ቃል በደብተር ጻፍሁ። «ያዝ» አቁም ነው፤ «በግራ ብላ» በግራ እለፍ ነው። ለጉዞ ቁልፉ «ሳበው» አልሁ።

ቃሉ የእኔ ነው። ይህን ማንም እንዲያስታውሰኝ አልፈልግም።

ኃላፊዬ ቃሉን ወደደው። ከበላይ እንግዶች በመጡ ቀን ኃላፊዬ ራሱ ሞዴሉ ውስጥ ገብቶ የአዛዡ ወንበር ላይ ተቀመጠና ቁልፉን ነካ፤ «ሳበው» የሚለው በሦስቱም ስክሪን ላይ በትልቁ ወጣ፣ በድምፅም ተሰማ። እንግዶቹ ሳቁ፣ አጨበጨቡ። ቃሉ ለሦስቱም እንዲደርስ ያደረገው እሱ ነው፤ «ሁሉም አንድ ነገር ይይ፣ አንድ ነገር ይስማ» የሚል መመሪያ ነበረው። እኔ ለሾፌሩ ብቻ ይሂድ ብዬ ነበር። ያን ጊዜ ግን አጥብቄ አልተከራከርሁም፤ ጭብጨባው ለእኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከእንግዶቹ በኋላ አዲስ ቡድን መጣ። አዛዡ ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋ ሃምሳ አለቃ ነው። ሾፌሩ ያው የሰበታው ቀልደኛ ነው። ተኳሹ ከሱሉልታ ገበሬ ቤተሰብ የመጣ፣ ብዙ የማይናገር ወታደር ነበር። ሦስቱም ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ ነው የሚያወሩት። ሞዴሉ ውስጥ አስገባኋቸውና እንደልማዴ ደብተሬን ይዤ ተቀመጥሁ። ሃምሳ አለቃው ቁልፉን ነካ። «ሳበው» አለ ማዳመጫው። ሾፌሩ ነዳጁን ረገጠ።

ጠረጴዛዬ ላይ ያለችው ቀይ አምፑልም በራች።

ተነሥቼ ወደ ተኳሹ ሄድሁ።

«ምነው ሳብህ ልጄ?»

«እኔ? አልሳብኩም ማዘር።»

«አምፑሉ በርቷል እኮ።»

ጣቱን አየ። ፍሬኑ ላይ እንደተጠመጠመ ነው።

«ሳበው አለኛ!»

«ለሾፌሩ ነው ያለው።»

«ጣቴ ምን ያውቃል?»

ሾፌሩ ከፊት ሆኖ ሳቀበት። እኔ አልሳቅሁም። ምልምል ሳለ ጀምሮ «ቃታ ሳብ» እየተባለ የሠለጠነ ሰው ነው። ለሾፌር እግር የሆነው ቃል ለተኳሽ ጣት ነው። አማርኛ የሚናገር ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር፤ ግን ሚኒባስ ውስጥ ተኳሽ የለም።

በማግስቱ ሌሎች ሁለት ተኳሾች አስቀመጥሁ። ምንም አልነገርኋቸውም። አንዱ አልሳበም፤ አንዱ ሳበ። ይበቃኛል። ማስታወሻ ጻፍሁ፦ ቃሉ ወደ «ንዳ» ይለወጥ፣ ለሾፌሩ ብቻ ይድረስ፣ እውነተኛ ጥይት ካለበት ሙከራ በፊት ይሁን። ሙከራው በሚመጣው ሐሙስ፣ ከሱሉልታ አለፍ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ነበር። የሶፍትዌሩ አንድ ፊደል እንኳ ያለ ኃላፊዬ ፊርማ አይለወጥም።

እዚህ ላይ ነው ስሕተቴ። ማስታወሻውን በመዝገብ ቤት በኩል አላስተላለፍሁም። ቀኑ አጭር ስለሆነብኝ በእጄ ሰጠሁት። በእኛ አገር መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቁጥር ያልወጣለት ወረቀት አልተጻፈም።

አነበበው። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን ቃል ያመጣው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እና አሁን ምን እያልሽ ነው?»

«ተሳስቻለሁ እያልሁ ነው።»

«አንቺ ስለተሳሳትሽ ያጨበጨቡትን ሰዎች ጠርቼ ጭብጨባችሁን መልሱ ልበል?»

«የሁለት ተኳሾች እጅ ተንቀሳቅሷል።»

«ፍሬን እኮ ነው የሳቡት፤ የብስክሌት ፍሬን። ምን ሆነ? ምንም አልሆነም።»

«ሐሙስ ፍሬን አይደለም።»

«ወታደር ነው፣ ወያላ አይደለም፤ ይለያል። ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።» ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ለሐሙስ ወደ ሜዳ ከሚሄዱት ሰዎች ዝርዝር ውስጥም ስሜን ሰረዘ።

ከእሱ በላይ ወዳለው ሰው መሄድ እችል ነበር። አልሄድሁም። ጡረታዬ ቀርቦ ነበር፤ ፈራሁ። እሱ ይህን አያውቅም ነበር። አሁን ይወቀው።

ረቡዕ የሙከራውን ቅደም ተከተል የያዘ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ጠመንጃው ጥይት ከጎረሰ በኋላ መኪናው ከቆመበት ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው ምልክት ይሄዳል። በዚያ ጊዜ ሁለት መካኒኮች ባንዲራ ይዘው ከፊት፣ በስተግራ በኩል ይቆማሉ። አንደኛው ከቡራዩ ሰበታ አሥር ዓመት በአንድ ሰርቪስ አብሮኝ የተመላለሰ ሰው ነው። መስኮት በኩል መቀመጥ ስለምወድ ቦታ ይይዝልኝ ነበር።

ሐሙስ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ሳልጠይቅ ቀረሁ። በሚኒባስ ከተማ ገብቼ፣ ከዚያ በሌላ ሚኒባስ እንጦጦን ተሻግሬ ሱሉልታ ወረድሁ። ሣሩ ላይ ጤዛ ነበር፤ ሯጮች በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ያልፋሉ። ሜዳው በር ላይ ያለው ጥበቃ መታወቂያዬን አየና «ዝርዝሩ ላይ የሉም፣ እናቴ» አለኝ። «ፕላስተር ረስተው ነው፤ ላቀብል ነው» አልሁት። በእርግጥም ፕላስተር ይዤ ነበር። አስገባኝ።

ኃላፊዬ ድንኳኑ ውስጥ እንግዶችን ያስቀምጣል። ሦስቱ ወታደሮች መኪናው አጠገብ ቆመው ዳቦ ይበላሉ። በቀጥታ ወደ ሃምሳ አለቃው ሄጄ ቁልፉን እንዳይነካ፣ ትእዛዙን በአፉ ብቻ እንዲሰጥ፣ «ንዳ» እንዲል ነገርሁት። ምክንያቱንም ተኳሹ ፊት ነገርሁት። ተኳሹ ጫማውን እያየ ነበር።

«እትዬ፣ እሺ እላለሁ» አለኝ ሃምሳ አለቃው፤ «ግን እውነቱን ልንገርዎት? ሃያ ዓመት ሾፌርን ሳበው ስል ኖሬያለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ አፌ ምን እንደሚል አላውቅም።»

እውነቱን ነበር። «ንዳ» ከወረቀት የመጣ ቃል ነው፤ ሰው ሲደነግጥ የሚወጣው ሌላ ነው። ሞዴል የለኝ፣ ጊዜ የለኝ። ከዚያ ዳቦውን እያኘከ ለሾፌሩ በኦሮምኛ የሚያወራውን ሰማሁት።

«በሬ ስትነዱ ምንድን ነው የምትሉት?» አልሁት።

«በኦሮምኛ?»

«አዎ።»

«ኦፊ!» አለ። «በሬም ሆነ መኪና፣ ኦፊ ነው።»

«እና እሱን በል።»

ተኳሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ኦፊ? በሬ ጠምደን ነው እንዴ የምንሄደው?»

«በሬውማ አንተ ነህ» አለ ሾፌሩ፤ «ሳበው ሲሉህ የምትስበው!»

ሃምሳ አለቃው ዳቦው ትን እስኪለው ሳቀ። እኔ መኪናው ላይ መውጣት ስለማልችል ተኳሹ ፕላስተሩን ይዞ ገባና የአዛዡን ቁልፍ ሸፈነው። ከዚያ እዚያው ዘጠኝ አሥር ጊዜ አለማመድኋቸው፤ አንዱ «ኦፊ» ይላል፣ አንዱ እግሩን ይረግጣል፣ ተኳሹ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ያሳየኛል። በመጨረሻ «ሳበው» እንኳ ቢባል ለእኔ አይደለም የሚል ነገር ጣቱ ውስጥ የገባ መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው።

ሙከራው ተጀመረ። ከድንኳኑ ጀርባ፣ ኃላፊዬ የማያየኝ ቦታ ቆምሁ። መኪናው ተኮሰ፤ ኮረብታው ሥር አፈሩ ተነሣ። ቀጥሎ ጠመንጃው ዳግመኛ ጎረሰ። ሁለቱ መካኒኮች ባንዲራቸውን ይዘው በስተግራ ወጡ። ያ የሰርቪስ ጓደኛዬ ኮፍያውን አስተካከለ። የሃምሳ አለቃው ድምፅ በድንኳኑ ስፒከር ለእንግዶቹም ይሰማ ነበር።

«ሳ—» አለ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ «ኦፊ!» አለ።

መኪናው ተነሣ፣ በመካኒኮቹ ፊት አለፈ፣ ሁለተኛው ምልክት ጋ ቆመ። ሌላ ምንም አልሆነም። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የምወደው ይህ ምንም ያልሆነበት ደቂቃ ነው።

እንግዶቹ «ኦፊ» ሲሰሙ ሳቁ። ሲያልቅም ከመካከላቸው አንድ ሽበታም ሰው መኪናው ላይ ወጥተው ውስጡን አዩና ወረዱ።

«ይሄ ፕላስተር ምንድን ነው?» አሉ።

ሃምሳ አለቃው ምንም ሳይደብቅ ነገራቸው። ሰውየው ተኳሹን ጠሩት። «እውነት ነው?» አሉት።

«አዎ ጌታዬ። ሳበው ሲባል ጣቴ ይሄዳል።»

ወደ ኃላፊዬ ዞሩ። «ይህን ታውቁ ነበር?»

እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር፤ በዚያ ጊዜ አየኝ። ለአፍታ ተያየን። ከዚያ ፊቱን ወደ ሰውየው መልሶ፣

«እናውቃለን ጌታዬ። ለጊዜው በፕላስተር አስሸፍነነዋል» አለ።

አስሸፍነነዋል። ብዙ ቁጥሩን ልብ በሉልኝ። ሐሙስ ዕለት «እኛ» ነበርን። ያንን እንኳ እቀበለው ነበር። በሰርቪሱ ስመለስም ቢያንስ «እኛ» ውስጥ አለሁበት እያልሁ ነበር የመጣሁት። ማክሰኞ በስብሰባው ላይ ብዙ ቁጥሩ ተነጠለ፤ ያስገባችው እሷ፣ ያስወጣሁት እኔ።

እጄን አወጣሁ።

«ከሙከራው በፊት ማስታወሻ ሰጥቼዎት ነበር» አልሁ።

«የትኛው ማስታወሻ?»

«ስለ ቃሉ የጻፍሁት። መሳቢያዎ ውስጥ ከተውት።»

«ቁጥሩ ስንት ነው?»

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አንገቷን ደፋች። ያ የሰርቪስ ጓደኛዬ ከመካኒኮቹ ወገን ተወክሎ ተቀምጦ ነበር። ፊት ለፊቴ ነበር፤ የውኃ ጠርሙሱን ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የቆመው ጠመንጃ ፊት ለፊት እንደነበረ፣ ማን ሱሉልታ ድረስ እንደመጣ ሃምሳ አለቃው ነግሮታል፤ እኔም ነግሬዋለሁ። ምንም አልተናገረም። ልጆች አሉት። በእሱ አልፈርድም ብዬ መጻፍ ፈልጌ ነበር፤ ግን እፈርዳለሁ።

«ካለ ቁጥሩን አምጪ፤ ከሌለ እንቀጥል» አለ ኃላፊዬ። ቀጠሉ። ያለፈቃድ ከሥራ መቅረቴና ያልተፈቀደልኝ ቦታ መግባቴም በዚያው ቃለ ጉባኤ ገባ።

ቃሉ ተለወጠ። በሚቀጥለው ሳምንት በሶፍትዌሩ ላይ «ንዳ» ተብሎ ገባ፣ ለሾፌሩ ስክሪን ብቻ እንዲሄድም ተደረገ። እኔ በእጄ በሰጠሁት ወረቀት ላይ ያለው ቃል በቃል ነው። ኃላፊዬ የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈለት። ደብዳቤው ቁጥር ነበረው።

ቃለ ጉባኤውን ለፊርማ ሲያዞሩት አልፈረምሁም። አሥሩ ፈረሙ። ያን ሁሉ የያዘ ደብዳቤ ጻፍሁና በመዝገብ ቤት በኩል አስገባሁ፤ ቁጥር አስወጣሁለት። መልስ አልመጣም። ሌላ ጻፍሁ፤ መልስ አልመጣም። ወደ መለዋወጫ መጋዘን ተዛወርሁ፤ እስከ ጡረታዬ እዚያ ሠራሁ። ኃላፊዬ ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ «እንደምን አደርሽ» ይለኝ ነበር። አልመለስሁለትም። አንድ ቀንም አልመለስሁለትም።

በሚቀጥለው ጥር እናቱ ሞቱ። መሥሪያ ቤቱ በሁለት ሰርቪስ ለቅሶ ሊደርስ ተነሣ። ያ የሰርቪስ ጓደኛዬ መጋዘኑ በር ላይ መጥቶ፣

«እትዬ፣ ሞት ነው እኮ። ቦታ ይዤልዎታለሁ» አለኝ።

እኔ አልሄድሁም። በሩን ዘግቼ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የብሎን ሳጥኖች ላይ ምልክት ጻፍሁ፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ ቡራዩ ሄድሁ።